«ስለ ፈለጋችሁት ጻፉ» አትበያቸው

አንዲት መምህርት የላከችልኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ አስቀምጣለሁ።

«ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 63 ልጆች አሉ። ግማሽ ያህሉ ቤታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው፤ ጉራጊኛና ወላይትኛ የሚናገሩም አሉ። ድርሰት ጻፉ ስላቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ያመጣሉ። 'እናቴን በጣም እወዳታለሁ። እናቴ ምግብ ትሠራልኛለች።' ባለፈው ነፃ ልልቀቃቸው ብዬ 'ስለ ፈለጋችሁት ጻፉ' አልኳቸው። አብዛኞቹ ቀኑን ጽፈው ቁጭ አሉ። ፊደል በቅጡ ያልለዩም አሉብኝ። ወላጆች ደግሞ 'ደብተሩ ላይ ኖት የለም' እያሉ ይመጣሉ። መጀመሪያ ቋንቋውን አስተካክዬ ነው ወደ ፈጠራ መግባት ያለብኝ? ወይስ ፈጠራ የሚባለውን ነገር ለግል ትምህርት ቤቶች ልተወው?»

እህቴ፣ ጋሼ ካልሽኝ እኔም አንቺ ልበልሽ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አትተዪው። ለማን ነው የምትተዪው? ለፈጠራ ጽሑፍ እርሳስና ደብተር ይበቃል፤ እሱ ደግሞ ክፍልሽ ውስጥ አለ። «መጀመሪያ ቋንቋውን ላስተካክል» የሚለውም አያስኬድሽም። ቋንቋው የሚስተካከልበት ቀን የትኛው ነው? እንዲህ እያልን ልጆቹን 8ኛ ክፍል እናደርሳቸዋለን፤ እዚያም ሲደርሱ «እናቴን በጣም እወዳታለሁ» ነው የሚጽፉት። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ልጁ የራሱን ነገር ለመጻፍ ሲሞክር ቃል ያጥረዋል። ያን ጊዜ የምትሰጪው ቃል አይረሳውም።

አሁን ወደ ዝምታው። ልጆችሽ ዝም ያሉት የሚሉት ስላጡ አይመስለኝም። እረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ቆመሽ ስሚያቸው። ትናንት ማታ ጅብ ከብሎካቸው ጀርባ እንዴት እንደጮኸ፣ የጎረቤት ውሻ ማንን እንዳባረረ፣ ባጃጁ ጭቃ ውስጥ እንዴት እንደተቀረቀረ በእጅ በእግራቸው እየተወኑ ያወራሉ። ክፍል ገብተው «ድርሰት» የሚባል ነገር ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ድርሰት ማለት የዜና አማርኛ፣ እናት፣ አገር፣ ንጽሕናና የቤት እንስሳት ይመስላቸዋል። እኛው ነን እንዲህ ያስለመድናቸው። ላም አራት እግር እንዳላት እየጻፉ አድገው አሁን «ስለ ፈለጋችሁት» ብትያቸው፣ ጅቡን መጻፍ እንደሚፈቀድ በየት በኩል ያውቃሉ?

ሌላው ችግር ርዕሱ መስፋቱ ነው። እኔ ራሴ «ስለ ፈለግከው ጻፍ» ብባል ወረቀቱን ሳይ ነው የምውለው። ርዕሱን አጥብቢው። ልጁ ብቻ መልሱን የሚያውቀው ጥያቄ ይሁን። ለምሳሌ፦ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የመጨረሻ የሰማችሁት ድምፅ ምን ነበር? ውኃ ሌሊት ስትመጣ ቤታችሁ ማን ነው የሚነሣው? አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን ተሸክማችሁ ስትወጡ የት የት ታርፋላችሁ? «ቆራሌው!» ሲባል ከቤታችሁ ምን ይወጣል? በምን ልዋጭ? አራብሳ ላይ ከብት ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ሲግጥ፣ ከፎቁ ላይ ደግሞ የሰው ልብስ ሲሰጣ አንድ ላይ ይታያል። የመሐል ከተማ ልጅ ይሄን አያይም። ልጆችሽ የያዙት ሀብት ይሄ ነው፤ ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጠይቂ። አንድ ገጽ አይደለም።

ከመጻፋቸው በፊት ግን ያውሩት። ይሄን አደራ የምልሽ ነገር ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ አይደል? የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ለወሬ ስጪ። ሁለት ለሁለት ይሁኑ፤ ዴስኩ ላይ ሦስት ከሆኑም ሦስት ይሁኑ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። የሚሰማው ግን በነፃ አይሰማም፤ ቢያንስ አንድ ጥያቄ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። «ጅቡ ከዚያ የት ገባ?» «አባትህ ምን አሉ?» ተናጋሪው ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ ከጽሑፉ ሁሉ የሚጣፍጠው ክፍል ነው። ክፍሉ ይንጫጫል። ሱፐርቫይዘር በዚያ ሰዓት ቢገባ «ክፍል መቆጣጠር አትችይም» ሊልሽ ይችላል፤ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ከዚያ 15 ደቂቃ ዝም ብለው ይጽፋሉ። የቀረውን ሁለት ወይም ሦስት ልጅ ቆሞ ያነባል። አንቺም የዚያን ቀን ጥያቄ ሰሌዳው ጥግ ላይ በራስሽ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፊበት። አንዱን ዓረፍተ ነገር ፊታቸው ሰርዘሽ እንደገና ጻፊው። አስተማሪም እንደሚሰርዝ ማየታቸው ብዙ ያቀልላቸዋል።

ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹን በተመለከተ ደብዳቤሽ ውስጥ ስጋት አይቻለሁ። ልጆቹ እኮ በዚህ ዕድሜያቸው ሦስት ነገር እየተሸከሙ ነው። ለአማርኛ ፊደል፣ ለአፋን ኦሮሞ ቁቤ የሚባለው የላቲን ፊደል፣ በዚያ ላይ እንግሊዝኛ። ይሄን የተሸከመ ልጅ ደካማ አይባልም። በወሬው ሰዓት ቋንቋ የሚጋሩትን አንድ ላይ አስቀምጪያቸውና በፈለጉት ያውሩት። ታሪኩ መጀመሪያ መሬት ይያዝ። ሲጽፉ በአማርኛ ይጽፋሉ። አንድ ቃል ጠፋበት እንበል፤ የሚያውቀውን ቃል በፊደል ይጻፈውና ከሥሩ ያስምርበት። መጨረሻ ላይ የተሰመረባቸውን ቃላት ሰሌዳ ላይ አውጥተሽ ክፍሉን ጠይቂ። አማርኛ ብቻ የሚችሉት ልጆችም በዚያው አዲስ ነገር ይማራሉ። የአያቱ ንግግር ከሆነ ደግሞ እንዳለ በኦሮምኛ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይግባ። አያት በቋንቋቸው ነው የሚናገሩት፤ ጽሑፉም ያንን ቢያሳይ ምን ይጎድልበታል?

ለጀማሪ ክፍል ከእንቆቅልሽ የተሻለ መነሻ አላውቅም። አጭር ነው፣ ጨዋታ ነው፣ ነገርን አስተውሎ ማየትን ያስተምራል። «እንቆቅልሽ» ስትዪ «ምን አውቅልሽ» ብሎ የማይመልስ ልጅ አታገኚም። ያቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ኦሮምኛም «ሂቦ» አለው፤ ልጆቹ ያውቁታል፣ ያስተምሩሻልም። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ውስጥ ያለ አንድ ዕቃ ይምረጥና ስሙን ሳይጠራ እንቆቅልሽ ይሥራለት። «ጠዋት ባዶዬን እወርዳለሁ። ማታ ሞልቼ እወጣለሁ። ስወጣ ሰው ያቃስታል።» ጀሪካን ነው። ልጁ ሦስቷን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ተቃራኒ ነገሮችን አነጻጽሯል፣ ዕቃውን አናግሯል፣ አንባቢውን አስጠብቋል። ስማቸውን አሁን አትንገሪው።

ከዚያ ወደ ተረት ትሄጂያለሽ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ ሙሉ ተረት የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የቤት ሥራው መጻፍ ሳይሆን መጠየቅ ይሁን። አያት ያለው አያቱን፣ አያቱ ገጠር ከሆኑ በወላጁ ስልክ ደውሎ ወይም በቴሌግራም ድምፅ አስልኮ፣ ማንም የሌለው የብሎኩን ዘበኛ ወይም ጎረቤት ይጠይቅ። ዘበኞቹ ብዙ ተረት እንዳላቸው በራሴ ሰፈር አይቻለሁ፤ ሌሊቱን በምን ይገፉታል? ልጁ ተረቱን ክፍል ውስጥ ሲናገር እንስሳቱን ያናግራቸው። አያ ጅቦ በምን ድምፅ ነው የሚያወራው? በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያንን ሁሉ ልጅ ስክሪን ላይ ያስቀሩት በዚያ ነበር፤ ተረቱን ይተውኑታል እንጂ አያነቡትም ነበር። ሲጻፍ ደግሞ ከመሐል አቁሚያቸውና ቀሪውን ይለውጡት። ጦጣዋ ባትዋሽስ ኖሮ? ጅቡ ኮንዶሚኒየም ቢገባስ? ስንተኛ ፎቅ ይደርሰዋል?

አሁን ቋንቋው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰዋስው ስንል ብዙዎቻችን «ስም ማለት የሰው፣ የቦታ፣ የነገር መጠሪያ ነው» የሚለውን ማስሸምደድ ይመስለናል። ልጁ ይሄን በቃሉ ይልልሻል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አንድ ኢንች አይሻሻልም።

የ4ኛ ክፍል ልጅ ጽሑፍ በአብዛኛው እንዲህ ነው፦ «ጠዋት ተነሣሁ። ከዛ ፊቴን ታጠብኩ። ከዛ ሻይ ጠጣሁ። ከዛ ትምህርት ቤት መጣሁ።» አንዱን እንዲህ ያለ ጽሑፍ የጸሐፊውን ስም ሳትጠሪ ሰሌዳ ላይ ጻፊውና «ከዛ»ን በሙሉ በዳስተር አጥፊው። አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጉት በያቸው። «ጠዋት ተነሥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ሻይ ጠጥቼ ትምህርት ቤት መጣሁ።» በአፋቸው ቀድሞውኑ ይሉታል፤ በወረቀት ላይ ማለት እንደሚቻል ነው ያላወቁት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «ረፈደብኝ። ሮጥኩ። ደረስኩ። ደወሉ ተደወለ።» ስጪያቸው። «ስለረፈደብኝ እየሮጥኩ ስደርስ ደወሉ ተደወለ።» እዚህ ውስጥ «ስለ»፣ «እየ» እና «ስ» ሦስት የተለያየ ሥራ ሠሩ። ምክንያት፣ ሁኔታ፣ ጊዜ። ይሄ ነው ለእኔ ሰዋስው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹም ይሄ ሥራ አይከብዳቸውም፤ ቋንቋቸው እንደ አማርኛው ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣልና ዓረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያውቁታል።

ማያያዝ ሲለምዱ ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ መስፋት ይጀምራሉ፤ ገጹ አራት ነጥብ ሳያይ ያልቃል። ያን ጊዜ መቁረጥን አስተምሪ። «ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰምቼ ዞር ስል ጅቡን አየሁት። ቆመ። እኔም ቆምኩ።» አጭሯ «ቆመ» ምን እንደሠራች ጠይቂያቸው። መልሱን ከአንቺ በፊት እነሱ ይደርሱበታል።

ፊደል አጻጻፍን በተመለከተ አቋሜን በግልጽ ልንገርሽ። «ሀ»ን «ሐ» ብሎ ጻፈ፣ «ሰ»ን «ሠ» አደረገ፣ «ጸ»ን በ«ፀ» ቀየረ ብለሽ ከ4ኛ ክፍል ልጅ ማርክ አትቀንሺ። አዋቂው ጸሐፊ ራሱ አንድ ዓይነት አይጽፍም። ትክክለኛውን ሰሌዳ ላይ እያየ ይልመደው፤ በቃ። የሚያስጨንቀኝ ሌላው ነው። «ሴት»ን «ሲት»፣ «በልቷል»ን «በልቱዋል» የሚል ልጅ ድምፁን ከፊደሉ ጋር አላገናኘም ማለት ነው። በቃል ጽሕፈት ላይ የምትሠሪው በዚህ ይሁን። በቀን አምስት ቃል ይበቃል፤ ቃላቱን ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ልጆቹ በዚያ ሳምንት ከጻፉት አውጪያቸው።

ፊደል ያልለዩትን ለብቻ ተመልከቻቸው። 33ቱን ፊደላት በሰባት ቤታቸው፣ 231ዱንም፣ እንደ ዘፈን ይወርዱታል። «ሚ» የቷ ናት ብትያቸው ግን ከ«መ» ጀምረው በጣታቸው እየቆጠሩ ነው የሚደርሱባት። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በትኚው። ከካርቶን ትንንሽ ካርድ ቁረጪና አራት ፊደል ብቻ ስጪ፦ ማ፣ ሳ፣ ላ፣ ባ። ምን ቃል ይወጣል? ማሳ፣ ሳማ፣ ላባ፣ ባላ። ጠዋት ክፍል ከመጀመሩ በፊት 10 ደቂቃ፣ በየቀኑ። ጎበዝ የሚባሉት ሁለት ሦስት ልጆች ሊያግዙሽ ይችላሉ። እነዚህ ልጆች በጽሑፍ ሰዓት ውጪ አይቀመጡ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ሥዕል ይሣሉና ታሪኩን ለጎናቸው ልጅ ይንገሩ፤ ጎኑ ያለው ይጻፍላቸው። ከሥዕሉ ሥር አንዲት ቃል በራሳቸው ይጻፉ። ታሪክ መሥራት የሚችል፣ ፊደሉ ብቻ የዘገየበት ልጅ አለ። ክፍሉ «አይችልም» ብሎ ከፈረደበት በኋላ ግን ታሪኩንም ይተወዋል።

63 ደብተር እንዴት ይታረማል አትይኝ፤ በአንድ ቀን አይታረምም። በቀን 12 ወይም 13 ደብተር ውሰጂ፤ በሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አርሚ። ይሄ ሳምንት የአራት ነጥብ ሳምንት ከሆነ ሌላውን ስህተት እያየሽ እለፊው። ያማል፤ አውቃለሁ። ግን ገጹ በሙሉ ቀይ የሆነበት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጽፈው የማይሳሳትበትን ነው፤ እሱም «እናቴን በጣም እወዳታለሁ» ነው። ከሥሩ «ጎበዝ» ብለሽ አትለፊ። አንድ ጥያቄ ጻፊለት፦ «ውሻው ከዚያ በኋላ ተመለሰ?» ልጁ መልሱን ይጽፍልሻል፤ ሳታስቢው አራተኛ ዓረፍተ ነገር አገኘሽ። ለአንድ ሳምንት ደግሞ «በጣም»፣ «ቆንጆ» እና «ደስ አለኝ» ክልክል ናቸው ብለሽ እወጂ። ይሳቃል፣ ይነጫነጫል፣ ግን ሌላ ቃል ይፈለጋል።

አንድ የማትጠብቂው ነገር ሊመጣ ይችላል። ልጆች በእውነት መጻፍ ሲጀምሩ እውነት ይጽፋሉ። አባቱ ጠጥቶ የመጣበትን ማታ፣ እራት ያልተበላበትን ቀን የሚጽፍ አለ። ሳትጠይቂው ጮክ ብለሽ አታንብቢው፤ ለስታፍ ሩም ጨዋታም አታውጪው። ልጁን ለብቻው አነጋግሪው፤ አደጋ የሚያሳስብ ነገር ካለ ለርዕሰ መምህሩ ወይም ትምህርት ቤቱ ለዚህ ለመደበው ሰው አድርሺ። ሰዋስው በዚያ ቀን ይቅር።

የሚነበበው ነገር ከየት ይምጣ ካልሽኝ፣ ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት። በሳምንት አሥር ጽሑፍ ምረጪ፣ በሉክ ላይ በንጹሕ ይገልብጡት፣ በመርፌና በክር ስፊው፣ ሽፋኑን አንዱ ልጅ ይሣለው። የክፍሉ መጽሐፍ ይሆናል። ልጆች የጓደኛቸውን ስም ያዩበትን መጽሐፍ ደጋግመው ነው የሚያነቡት። ትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ ካለው ደግሞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ በሳምንት አንድ ልጅ ያንብብ። ከተቻለ በዓመት አንዴ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውሰጃቸው፤ በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ለልጆች የሚሆን ክፍል አለው። ከአራብሳ ሩቅ ነው፣ አውቶቡሱም ራስ ምታት ነው፤ ካልሆነ ግን ምንም አይቀርባችሁም።

ወላጆቹን አትጣያቸው። ብዙዎቹ ደብተር ገልጠው የሚያዩት ልጄ እየተማረ ነው ወይ ብለው ነው፤ ኖት ደግሞ በዓይን ይታያል። ስለዚህ ኖቱን ጭራሽ አታስቀሪ፤ ለአጭር ማስታወሻ በየቀኑ 5 ደቂቃ ትበቃለች። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ ግን ንግግር አታብዢ። የአንድ ልጅ የመስከረምና የጥር ጽሑፍ ጎን ለጎን አንብቢላቸው፤ ልጁና ወላጁ ከፈቀዱ። ስለ 6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ይጠይቁሻል። ምርጫ ነው፣ ድርሰት አይጠየቅም ይሉሻል። እውነታቸውን ነው። ግን ምንባብ አለበት። «ስለረፈደብኝ» ብሎ በራሱ የጻፈ ልጅ ምንባብ ውስጥ «ለምን ሮጠ?» ሲባል የቱን እንደሚያጠቁር ያውቃል። ይሄን በዚሁ ቃል ንገሪያቸው።

የቀረው የትምህርት ዕቅዱ ነው። ርዕሰ መምህሩ «ይሄ ከመማሪያ መጽሐፉ የት ነው ያለው?» ሊሉሽ ይችላሉ። ሌላ ነገር አስተማርኩ አትበይ፤ አላስተማርሽምና። የማዳመጥ፣ የመናገር፣ የማንበብና የመጻፍ ክሂል የሚሉት አራቱም ዕቅድሽ ላይ አሉ። ሁለት ለሁለት የሚያወሩባትን 10 ደቂቃ «መናገርና ማዳመጥ»፣ ሦስቷን ዓረፍተ ነገር «መጻፍ»፣ የክፍሉን መጽሐፍ «ማንበብ»፣ «ከዛ»ን ማጥፋቱን «ሰዋስው» ብለሽ አስገቢ። በመጽሐፉ ያለውን ርዕስ ሳትቀይሪ ጥያቄውን ብቻ አጥብቢው፤ «የቤት እንስሳት» የሚለውን «ከብሎካችሁ ሥር የምታዩት ላም የማን ነው? ማታ የት ነው የሚያድረው?» አድርጊው። ሰኞ በዚህ መጀመር ትችያለሽ።